ሣሩ የበላው አቋራጭ

የመናፈሻው አትክልተኛ በሰፈሩ ሁሉ የሚታወቀው «አባ ሣሩን» በሚል ስም ነበር። ስሙን ያወጡለት ልጆች ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ «ሣሩን! ኧረ ሣሩን!» እያለ ሲጮህ ስለሚውል። የአንድ ሰው ጫማ ከጠጠሩ መንገድ ወጣ ካለ፣ አባ ሣሩን የትም ይሁን የት ከች ነው። ሚስቱ ታዲያ፣ «ለሣርህ የምታዝነውን ያህል ለእኔ ብታዝንልኝ ምን ነበረበት?» እያለች ትስቅበት ነበር።

ከሁሉም በላይ ያስመረረው አጥፊ ደግሞ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ይህችው የገዛ ሚስቱ። ቤታቸው ከመናፈሻው የኋላ በር ማዶ ነበር። የጠጠሩ መንገድ ፏፏቴውን ዞሮ፣ የልጆቹን ዥዋዥዌ አልፎ፣ ስንቱን አዙሮ ነው ከአባ ሣሩን ዕቃ ቤት የሚያደርሰው። እሷ ግን ምሳውን ይዛ ከበሩ እንደገባች ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብሰብ አድርጋ ሣሩን ሰንጥቃ ትመጣለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ መንገድ ጠፍቶ ነው?» ይላል መኮትኮቻውን እንደያዘ።

«መንገዱ የትም አይሄድም፤ ምሳው ግን ይቀዘቅዛል።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም?»

«እስካሁን አፍስሼብህ አውቃለሁ?»

አፉ ይቆጣ እንጂ ጆሮው ከረፋዱ ጀምሮ የኋላው በር ሲጥ እስኪል ነበር የሚጠብቀው።

እሷ በረገጠችበት ነርሷም፣ ተማሪውም፣ ዳቦ ጋጋሪውም ተከተለ። ሣሩ ሳስቶ ሳስቶ ቀጭን የአፈር መስመር ሆነ። አባ ሣሩን ገመድ ወጠረ፤ ተሻገሩት። እሾሃም ጽጌረዳ ተከለ፤ ሚስቱ የተተረተረውን የቀሚሷን ጫፍ ሰፍታ በማግስቱ መጣች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ እሱም አልተወ፣ እሷም አልተወች። ዝናብ በመጣ ቁጥር ዘር ይዘራል፤ ዝናቡ ሲያባራ አቋራጩ ተመልሶ ቁልጭ ይላል።

ከዚያ ታመመች፤ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ከሐዘን በኋላ ሥራ በገባ ዕለት አንዲት ሴት በአቋራጩ ስታልፍ አየ። ሊጮህ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። «ሣሩን» ማለት በዚያው ቀረ፤ ኋላ የመጡት ልጆች ስሙ ከየት እንደወጣ እንኳ አያውቁም ነበር።

እሱ ጡረታ ሲወጣ መናፈሻውም መልኩን ቀየረ። ፏፏቴው ፈርሶ ካፌ ተሠራበት፣ ጠጠሩ በንጣፍ ድንጋይ ተተካ፣ የብረቱ ዥዋዥዌ ተነቅሎ ቀይና ቢጫ ፕላስቲክ ቆመ፣ ዕቃ ቤቱም ሽንት ቤት ሆነ። እውነቱን ለመናገር አምሮበታል። የድሮውን ብቻ የሚያወድስ ሰው ካለ የፏፏቴውን ትንኝ ረስቶት ነው። ነገር ግን የመኪናው መንገድ ሲሰፋ የኋላው በር በግንብ ተደፈነ። በር ከሌለ ደግሞ ማን በአቋራጭ ያልፋል? ሣሩ ከዳርና ከዳር ወደ መሐል መግባት ጀመረ። አባ ሣሩን ዕድሜ ልኩን በዘርና በገመድ ያቃተው ነገር፣ ማንም ጣቱን ሳያነሳ ሆነለት።

ሲያየው ሆዱ ባባ። ልብሷ ለዘመድ ተሰጥቷል፤ ቤቱን ለቆ አሁን የሚኖረው ሴት ልጁ ዘንድ ነው። ፎቶዋ አለ፤ ፎቶ ግን አይራመድም። ይህ መስመር ከጠፋ እሷ በእግሯ የሠራችው ነገር አንድም አይተርፍም። ናፈቀችው፤ እንደዚያ ናፍቃው አታውቅም።

እናም ልጁ የምትቋጥርለትን ምሳ ይዞ በየቀኑ ይመጣ ጀመር። እንደ ሌባ ግራ ቀኙን ያይና፣ ከግንቡ ተነስቶ ዕቃ ቤቱ እስከነበረበት ድረስ ሣሩን ደህና አድርጎ እየረገጠ ይሄዳል። ከዚያ ይመለሳል። ደግሞ ይሄዳል። ሣር ይረግጣል፣ ያውም አባ ሣሩን!

አንድ ቀን ታዲያ እጅ ከፍንጅ ተያዘ።

«አባባ! አባባ!» የአሁኗ አትክልተኛ ናት፤ ቱታ የለበሰች ወጣት ሴት፣ ባልዲዋን ጥላ ስትሮጥ መጣች። «ምነው፣ መንገድ ጠፍቶ ነው? ሣሩ ገና መያዙ እኮ ነው!»

አባ ሣሩን ቀና ብሎ አያት። የገዛ ራሱ ቁጣ ነው ዞሮ የመጣበት። ልጅቷ እውነቷን ነው፤ እሱም ያውቀዋል። ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«መንገዱ የትም አይሄድም፣ ልጄ፤ ምሳው ግን ይቀዘቅዛል።»

ቁጣዋን ይዛ መዝለቅ አቃታት፤ ሳቀች። ምሳ ዕቃውን አየችና፣ «ለማን ነው ደሞ ምሳው?» አለችው።

አባ ሣሩን ወደ ግንቡ ዞሮ በሩ የነበረበትን ቦታ አየ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ለአትክልተኛው ነው» አለና ምሳ ዕቃውን ዘረጋላት። «እንኪ፣ ሳይቀዘቅዝ ብዪ። ነገም በዚሁ ነው የምመጣው፤ አንቺ ብቻ ተቆጪኝ።»