የሁዳዴ ቁርስ

መቀሌ ውስጥ «ወፈርሽ» መባል ምርቃት ነው። በከበባው ጊዜ ቀሚሷ ያልሰፋት ሴት አልነበረችም። መንገድ ተከፍቶ እህል መግባት ሲጀምር ሥጋችንም ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ሰው ሮማናት አደባባይ ላይ ሲገናኝ ሰላም ከመባባሉ በፊት ፊት ለፊት ይተያይና «ተመስገን» ይል ነበር። በእኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ ተመሰገነ፤ ከሁሉም በላይ የወፈርኩት እኔ ነኛ። ምርቃቱን ተቀብዬ ቤቴ እገባና፣ የጓዳውን በር ዘግቼ፣ ቆሜ፣ ያገኘሁትን እበላለሁ። የረጋ ሽሮ፣ የደረቀ ሕምባሻ፣ ስኳር በማንኪያ። ርቦኝ አይደለም፤ ጣዕሙም አይሰማኝም። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ የበላሁትን አወጣዋለሁ። አፌን ተጉመጥምጬ ስወጣ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲፈልጥ እንደዋለ ሰው ይደክመኛል።

ለጠየቀኝ ሁሉ መልሴ «ጨጓራ ነው» የሚል ነበር። ጨጓራ ዕድሜ ይስጠውና የማይሸፍነው ገበና የለም። ባሌም የሚያውቀው ይህንኑ ጨጓራ ነው። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ለቢሮ ሥራ መጥቼ ነው እዚህ ያገባሁት። እሱ የሚሠራው ሽሬ ስለሆነ ቤቱን የምንካፈለው በአብዛኛው እኔና እናቱ ነን። እንደ አገሩ ወግ «አደይ» እላቸዋለሁ፣ እናቴ ለማለት፤ እሳቸውም «ጓለይ» ይሉኛል፣ ልጄ። ለጨጓራዬ ብለው ተልባ እየበጠበጡ ያጠጡኛል። ልጅ አልወለድንም። በከበባው ጊዜ ይህን ጉዳይ የሚያነሳ ሰው አልነበረም፤ አሁን ግን ጎረቤቱ ሁሉ ዓይኑን ሆዴ ላይ ማሳረፍ ጀምሯል።

አንድ ቀን የተፋሁት ደም ሲኖረው ፈራሁና ዓይደር አካባቢ ወዳለ አንድ ትንሽ ክሊኒክ ሄድኩ። ለእኔ ዓይነቱ ሕመም ለብቻው የተዘጋጀ ክፍል የለም። በሳምንት አንድ ቀን፣ መተው ያቃተው ነገር ያለበት ሰው ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ክብ ሠርቶ ይቀመጣል። በግራዬ የሚቀመጠው በኳስ ቤቲንግ ቤቱን ያራቆተ የባጃጅ ሾፌር ነው፤ ወንድሞቹ እንደ ሌባ ግራና ቀኝ ይዘው ነው ያመጡት። በቀኜ የምትቀመጠው ከሌላ ክልል የመጣች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። እህል አትቀምስም፤ አጥንቷ ይቆጠራል፤ የዶርሟ ልጆች ደግሞ ጾመኛ ናት ብለው ያከብሯታል። እሱን ይሰድቡታል፣ እሷን እንደ ጻድቅ ያዩአታል፣ በእኔ ተመስገን ይላሉ። ሦስታችንም ታመናል።

ለሾፌሩ የታዘዘው አጭር ነበር፤ አትድረስበት። ወንድሞቹ ስልኩን ኢንተርኔት በሌለው ተራ ስልክ ለወጡበት፤ በቤቲንግ ቤቶቹ በኩል እንዳያልፍም የሚሠራበትን መስመር ቀየረ። ሳይነካ ሰንብቶ ሲመጣ እናጨበጭብለታለን። ለእኔና ለተማሪዋ የታዘዘው ግን አንድ ዓይነት ሆነ፤ ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ በሰዓቱ። ሁለታችንም ተቆጣን። እሷ እንደ እኔ እንድትሆን የተፈረደባት መሰላት። እኔ ደግሞ መብላት አስቸገረኝ ብዬ ሄጄ ብዪ መባሌ ሹፈት መሰለኝ።

ክቡን የምትመራው የክሊኒኩ አማካሪ የታናሽ እህቴ እኩያ ብትሆን ነው፤ የማትቸኩል ሴት ናት። «ጠዋቱን ሙሉ ሆድሽን በረሃብ ስለምትቀጪው ነው ከሰዓት በኋላ የሚበቀልሽ» አለችኝ። «ተቀምጠሽ፣ በሰሃን፣ ሰው እያየሽ ብዪ። ተደብቀሽ ከበላሽው መድኃኒት አይሆንሽም፤ እሱ ራሱ በሽታው ነው።»

ስንወጣ ሾፌሩ ሳቀብኝ። «ሓፍተይ፣ እህቴ፣ አንቺስ ታድለሻል! መድኃኒትሽ ምግብ ነው።»

«አንተን በቀን ሦስት ጊዜ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ሳታበዛ ተወራረድ ቢሉህስ?» አልኩት።

ሳቁ ጠፋ። «እሱንስ አያምጣው» አለ። ከዚያ ወዲህ በእኔ ቀልዶ አያውቅም። ቀናሁበት፣ አልዋሽም። እሱ ጠላቱን ባየበት መንገድ ሳይሄድ ይኖራል፤ እኔ ግን ከጠላቴ ጋር ማዕድ እየቀረብኩ ነው መታረቅ ያለብኝ።

ትእዛዙ የመጣው ደግሞ ሁዳዴ በገባ ሰሞን ነው። ጾም ለእኔ ዓይነቱ ሰው ጥሩ መሸሸጊያ ነበር፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ባልቀምስ ማንም አይጠይቀኝም። የንስሐ አባቴን ሄጄ ጠየቅኋቸው። «የታመመ ሰው አይጾምም፣ ልጄ። ከፍስኩ ራቂ እንጂ በጠዋት ብዪ» አሉኝ። ሌላ ሰው ይጠብቃቸው ስለነበር ምን እንደሚያመኝ እንኳ አላጣሩም። እግዚአብሔር እንዲህ በቀላሉ ፈቀደ፤ የቀሩት አማቴ ናቸው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ይህን የተረተው ሰው ከአማቱ ጋር አልኖረም መሰለኝ። የሾፌሩ በሽታ ቤት አራቁቷል፣ ማንም ያየዋል። እኔ ጉንጬ ሞልቶ፣ ፊቴ ወዝቶ «ታምሜያለሁ» ብል ማን ይሰማኛል? ግን መደበቁም ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ሰልችቶኝ ነበር። አንድ ጠዋት ሽሮ በእንጀራ አቀረብኩና ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥኩ። አደይ ከኪዳን ሲመለሱ እንጀራው አፌ ውስጥ እንዳለ ደረሱብኝ። ነጠላቸውን ሳያወርዱ በሩ ላይ ቆሙ።

«አባ ፈቅደውልኝ ነው» አልኩ።

አልተቆጡም። ፈገግ ብለው «ብልዒ ጓለይ፣ ብዪ» አሉና ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ተገላገልኩ ብዬ እፎይ አልኩ። ሞኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተልባው ቀረ። የውሃ ጀሪካን ሳነሳ ከእጄ ይነጥቁኝ ጀመር። አልጋዬ ላይ ተጨማሪ ትራስ ተቀመጠልኝ። ጎረቤታቸውን በር ላይ ሲሸኙ በትግርኛ «ክብሩ ይስፋሕ» እያሉ ፈጣሪን ሲያመሰግኑ ሰማሁ፤ ሴትዮዋም ሆዴን አይታ ሳቀችልኝ። ያኔ ገባኝ። ጤነኛ መስላ በሁዳዴ በጠዋት እንድትበላ የሚፈቀድላት ሴት ነፍሰ ጡር ብቻ ናት። ማስመለሴንም በግድግዳው በኩል ሲሰሙት ከርመዋል።

ጥቂት ቀን ሳላርማቸው ቆየሁ። እንደ ነፍሰ ጡር ሆኖ መብላት ይቀላል፤ የሚፈርድብሽ የለም፣ እንዲያውም ይጨመርልሻል። ነገር ግን ፊታቸው ተቀምጬም ተደብቄ እየበላሁ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጓዳው እንደ ድሮው ይጠራኝ ጀመር፤ እኔም ሄድኩለት። አንድ ዓርብ ምስር እየለቀሙ «ነገ ልጄ ሲመጣ አንቺ አትንገሪው፤ እኔ ልንገረው፣ ደስታውን ልየው» አሉኝ።

«አደይ፣ አላረገዝኩም» አልኩ።

እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ። «እንታይ?» አሉ።

«አላረገዝኩም። የሚያስመልሰኝ ፅንስ አይደለም። ጓዳ ተደብቄ ብዙ እበላለሁ፤ ከዚያ ሆን ብዬ አወጣዋለሁ። በሽታ ነው ይሉኛል። ቁርሱ መድኃኒቱ ነው።»

ስለ ልጁ ያለቅሳሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። የነደዳቸው ግን ሌላው ነው።

«ሆን ብለሽ?» አሉ። «እህል? ያን ጊዜ ዱቄቱ ሲያልቅ በልቻለሁ እልሽ ነበር አይደል? አልበላሁም! ሆዴን በመቀነት አስሬ ነው የተኛሁት፣ አንቺ እንድትኖሪልኝ። ዋይ ኣነ! እሱን ነው አሁን ሽንት ቤት የምትደፊው?»

«በልቻለሁ» ሲሉኝ አምኛቸው ነበር። የቀረበልኝን ጠራርጌ በልቼ ሰሃኑን ያጠብኩት እኔ ነኝ። አፈርኩ፤ ደግሞም ደክሞኝ ነበር። ሰው በሽታውን ለማስረዳትም አቅም ይፈልጋል፣ ያ አቅም አልነበረኝም። ምስራቸውን ይዘው ገቡ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ለየብቻችን በላን። ባሌ ቅዳሜ መጣ፤ እሳቸው ምንም አልነገሩትም፤ እኔ ነገርኩት። ራሴን ደባብሶኝ፣ ምን እንደሚባል ስላላወቀ፣ እሁድ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሰኞ ጠዋት አደይ ኪዳን አልሄዱም። ቁርሴን አቅርቤ ስቀመጥ ወንበር ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። በፊታቸው ውሃ እንኳ የለም። የማነሳትን እያንዳንዷን ጉርሻ አዩ። ተናደድኩ። እንደ ሕፃን የምጠበቅ ሴት ሆንኩ ብዬ ሰሃኑን ልገፋው ፈለግሁ። ቢሆንም ጨረስኩት። ሆዴ ሲከብደኝ የለመደብኝ ነገር መጣ፤ ተነስቼ ወደ መታጠቢያ ቤቱ አመራሁ።

«ኮፍ በሊ» አሉ። «ተቀመጪ።»

«እጄን ልታጠብ ነው፣ አደይ።»

«በኋላ ትታጠቢያለሽ። እኔ ገና ይቅር አላልኩሽም። ግን ያ እህል ሆድሽ ውስጥ እስኪረጋ ከዚህ አንነሳም፣ ሁለታችንም።»

ተቀመጥኩ። ሽሮው ጣቶቼ ላይ እየደረቀ፣ አደይ በባዶ ሆዳቸው የእኔን ሙሉ ሆድ ይጠብቁ ነበር።