የቆዳ ጃኬቱ ጀግናና የሲሬው ሞተረኛ

ነቀምቴ ጨለለቂ ሰፈር አብራኝ ቤት የተከራየችው የባዮሎጂ አስተማሪ ክረምቱን ሙሉ ከስልኳ አልወጣችም። የምታነበው በቴሌግራም በክፍል በክፍል የሚለቀቅ፣ ከባሕር ማዶ የተተረጎመ የሞተር ክለብ የፍቅር ልቦለድ ነው። ክለብ ሲባል እግር ኳስ የሚመስለው ካለ ላስረዳ፦ ጢማም ጎረምሶች የቆዳ ጃኬት ለብሰው፣ ያለ ሥራ በሞተር የሚዞሩበት ማኅበር ነው። ታሪኩ ሁሌም አንድ ነው። ጀግናው አባቱን የገደለበትን ሰው ለመበቀል የሰውዬውን ልጅ ይጠልፋል፣ ቤት ይዘጋባታል፤ እሷም ብዙ ሳትቆይ ታፈቅረዋለች። ተርጓሚው ደግሞ ያቺን ለግላጋ ልጅ «አሮጊቴ» ያሰኛታል። በዚያ ማኅበር ሚስት እንዲያ ትባል ይሆናል፤ በአማርኛ ግን ስድብ ነው።

«ይሄ እኮ ጠለፋ ነው» አልኳት። «የዜግነት ትምህርት ላይ ወንጀል ብዬ የማስተምረው።»

«አንቺ ፍቅርም ሰሌዳ ላይ ካልተጻፈ አይገባሽም» አለች፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል።

እሷም የራሷ ባለሞተር ነበራት። በሲሬ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት ገጠሮች ሰው የሚያመላልስ ልጅ ነው፤ ጃኬቱ ሰልባጅ፣ ሞተሩም በገበያ ቀን ዶሮ የሚጭን። እሱ ፕሮቴስታንት፣ እሷ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ኦርቶዶክሶች ልጅ። ለጋብቻ ሊጠይቃት ሲሄድ ያሳደጋት አጎቷ «ለጴንጤ ሞተረኛ የምሰጣት ልጅ የለችኝም» ብሎ ከደጅ መለሰው። ልጁ ተዋረደ። ልቦለዱን እየላከችለት ያነብ ስለነበር ብልሃቱንም ከዚያው ቀዳ።

አንድ ቅዳሜ በራችን ላይ ሞተሩን እያስጮኸ ቆመ። «ኮቱ» አለ በኦሮምኛ፣ «ነይ ውጪ። ሲሬ እህቴ ቤት እንገባለን። አጎትሽ ሲሰማ ይቃጠላል።»

ቦርሳዋን ይዛ ወጥታ ከኋላው ተቀመጠች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የማስተምረው ሁሉ ጠፋብኝ። ሊነሣ ሲል ትከሻውን ያዝ አደረገችው።

«ቆይ፣ የምትወስደኝ እኔን ፈልገህ ነው ወይስ እሱን ለማናደድ?»

«ሁለቱንም» አለ፣ በኩራት።

ወረደች። ያን ልቦለድ ለመተቸት ስል ብዙ ክፍል አንብቤያለሁ፤ ይህን ቀላል ጥያቄ የጠየቀች አንዲት ሴት የለችበትም። ብትጠይቅማ ታሪኩ በመጀመሪያው ክፍል ያልቅ ነበር።

«ለእህቴ ምን ልበላት? ዶሮ አርዳለች» አለ ልጁ።

«ተሳፋሪዋ ቀረች በላት። አጎቴን ማቃጠል ከፈለግህ ብቻህን ሂድ። እኔን ከፈለግህ ሽማግሌ ላክ፤ እምቢ ካለ ደግመህ ላክ።»

ይህ ለልቦለዱ አንባቢ አይጥምም። ሽማግሌ ቆዳ ጃኬት አይለብስም፣ ጋቢ ደርቦ በባጃጅ ነው የሚመጣው። ልጁ ግን «የእኛን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ልላክ?» አላት።

«አንዱ እንኳ ኦርቶዶክስ ይሁን እንጂ።»

ሞተሩን አጠፋና ደጃፋችን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሚያውቃቸውን ኦርቶዶክስ ሽማግሌዎች ማሰብ ጀመረ።