በቁሙ የተለቀሰለት ሰው መኪና

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም በየጾሙ ጥቃቅኑን ኃጢአት እያወጣሁ ይቺን ከሥር አስቀርቻት ኖሬአለሁ። አሁን የምናገረው ደፍሬ እንዳይመስላችሁ፤ መሄጃ አጥቼ ነው።

ደብረ ታቦር ውስጥ ጋራዥ ያለኝ መካኒክ ነኝ። እንጀራዬ የጭነት መኪና ነው፤ ፍቅሬ ግን የድሮ የአሜሪካ መኪና፣ እነዚያ ኮፈናቸው ረዥም፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር ጉልበተኞች። የወደቀውን እገዛለሁ፣ ላሜራውን እቀጠቅጣለሁ፣ ሞተሩን አድሼ ነፍስ እዘራበታለሁ። በዚህ አገር ግን ስንት ይገኛል? ስለዚህ ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ እትዬ አንጓች ጋጣ ውስጥ ቀይ ሙስታንግ ጭድ ለብሳ ቆማለች ሲባል ብሰማ እንቅልፍ አጣሁ።

መኪናዋን የእትዬ አንጓች ባለቤት ወደ አገሩ ከሚመለስ አሜሪካዊ አስተማሪ ገዝተው ለአንድ ልጃቸው ለአስቻለው ሰጥተውት ነበር። እሳቸው ሞቱ። አስቻለውም በደርግ ጊዜ ከእናቱ ጋር ተጣልቶ፣ ሳይሰናበታቸው በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ወጣ። እናትየው ቀበሌ እንዳይወስድባቸው መኪናዋን ከከብቶቹ ጋር ደበቋት።

ሦስት ጊዜ ሄጄ ለመንኳቸው።

«የኔ ጌታ፣ እሷ እኮ የኔ አይደለችም። የልጄ ናት። እሱ በሕይወት እያለ የሰው እጅ አላስነካትም» አሉኝ።

በሕይወት እያለ። እኔ ከዚህ ሁሉ የእናት ንግግር ይቺን ብቻ ይዤ ወጣሁ።

በዚያው ዓመት መለዋወጫ ፍለጋ መተማ ወረድኩ። እዚያ ከሱዳን የመጣ አንድ ሰው የደብረ ታቦር ሰው መሆኔን ሲሰማ እጄን ያዘኝ። ከአስቻለው ጋር ገዳሪፍ አንድ ቤት ኖረዋል። አስቻለው ደህና ነው፤ ግን እናቱን ሳይሰናበት መውጣቱ ይቆጨዋል። እናቱ ይቅር ካሉት ቃል ይላኩበት፣ ይመጣል። ካልላኩበት ግን ፊታቸውን ለማየት አይደፍርም። ሰውየው ይህን ሁሉ ነግሮኝ «አደራህን፣ በሰማይ በምድር!» አለኝ። እኔም እሺ አልኩ።

መንገዱን ሁሉ ልነግራቸው አስቤ ነበር ብዬ አልዋሽም። መንገዱን ሁሉ ያሰብኩት ስለ መኪናዋ ነው።

ከተማ እንደገባሁ የእትዬ አንጓች ጎረቤት አያ ታከለ አገኙኝ፤ ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ። «እህሳ፣ ከመተማ መጣ አሉኝ። የአንጓችን ልጅ ነገር ምን ሰማህ?» አሉ።

በእኛ አገር መርዶ የያዘ ሰው አፍ አውጥቶ «ሞተ» አይልም። እኔም አላልኩም። አንገቴን ደፋሁ፤ ጋቢዬን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቄ ለበስኩ። ይኸው ነው። ስንት ዓመት «እኔ እኮ ምንም አልተናገርኩም» እያልኩ ከራሴ ጋር ተከራከርኩ! አንገት ምላስ አይደለምን? አያ ታከለ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው አለቀሱ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሽማግሌ ሰብስበው መርዶውን አረዱ።

አስከሬን በሌለበት ለቅሶ የሟቹ ፈረስ ተጭኖ፣ ጠመንጃው ተይዞ ይወጣል። አስቻለው ፈረስም ጠመንጃም አልነበረውም፤ ስለዚህ መኪናዋ ትውጣለት ተባለ። መሪውን ማን ይያዝ? እኔ፣ መካኒኩ። ተቀመጥኩ፤ ጎረምሶች ከኋላ ይገፋሉ፣ ሴቶች ደረታቸውን እየደቁ ይከተላሉ፣ አልቃሿ ስሙን እየጠራች ሙሾ ታወርዳለች። እኔስ? እግሬ ፍሬኑን ይሞክራል። ፍሬኑ አልቆለታል፣ መሪው ግን ደህና ነው እላለሁ በልቤ። እትዬ አንጓች ግንባራቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው ሲያለቅሱ በመካከላችን የነበረው መስታወት ብቻ ነው። ያኔ እንኳ አልተናገርኩም።

ከአርባው በኋላ አስጠሩኝ። «ውሰዳት። ከእንግዲህ ለማን ብዬ?» አሉ።

ወሰድኳት። ሁለት ዓመት ሠራኋት። ዝገቱን ፈቀፈቅሁ፣ በስቱኮ ደፈንኩ፣ ሞተሩን ፈትቼ ገጠምኩ፣ እንደ ጥንቷ ቀይ ቀባኋት። ስትነሣ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። በዚያ ዓመት የልጃቸው ሙት ዓመት ሲደርስ እትዬ አንጓች ነጠላቸውን ተከናንበው መጡና «በልጄ መኪና ጣራ ገዳም አድርሰኝ» አሉኝ። እንቢ እንዴት ይባላል? ከጎኔ ተቀምጠው ወንበሩን እየዳበሱ ሄድን። የልጃቸውን የክርስትና ስም ለመነኮሳቱ ሰጥተው በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት አስደረጉ፤ እኔም አብሬ ሰገድኩ። በየዓመቱ እንዲህ ሆነ። እንዳልሸጣት እሳቸው በምን ይሄዳሉ? እንዳልናገር ይህን ያህል ዓመት የት ነበርክ እባላለሁ። ወጥመዱን ራሴ አድሼ፣ ራሴ ቀለም ቀብቼ ገባሁበት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔው እያደር ከበደ።

እትዬ አንጓች «ልጄን የተካህልኝ» እያሉ መርቀውኝ ሞቱ። ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀበልኩ።

እሳቸው በሞቱ በሦስተኛው ዓመት አንድ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ጋራዤ ገባና መኪናዋ ላይ እጁን አሳረፈ። አስቻለው ነበር። ቃል ሲጠብቅ ኖሮ፣ ዝምታውን እናቴ አልማረችኝም ብሎ ተርጉሞት፣ መሞታቸውን ሲሰማ መጥቷል። እናቱን እንደ ልጅ ስለጦርኩለት አመሰገነኝ፤ ትከሻዬን ሳመኝ። ከዚያ ጠየቀኝ።

«ሞተ ብሎ መርዶ ያመጣብኝ ማን ነው?»

«አያ ታከለ ናቸው» አልኩት።

አያ ታከለ ከሞቱ ቆይተዋል፤ የሞተ ሰው መልስ አይሰጥም። የመጀመሪያውን በደል ምኞት አሳውሮኝ ነው ልበል። ሁለተኛውንስ ምን ልበለው?

አስቻለው ዛሬ በእናቱ ቤት፣ ከአያ ታከለ ልጆች አጥር ለአጥር ይኖራል። ሰላም አይላቸውም። ለበዓል የላኩለትን ድፎ ከደጅ መልሶታል። የአያ ታከለ ልጅ ባለፈው ሳምንት መጥታ «አባታችን ዋሽቶ አያውቅም። የምታውቀው ነገር ካለ ስለ ማርያም ንገረን» አለችኝ። ሥራ በዝቶብኛል አልኳት።

እንግዲህ ጻፍኩት። ወረቀቱን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለአስቻለው እሰጠዋለሁ፤ ለአያ ታከለ ልጆችም ያንብብላቸው። መኪናዋንም ይውሰዳት፤ የእናቱን ዓመታት ግን አትመልስለትም። አደራ የበላሁ እኔ ነኝ። ለእኔ እግዚአብሔር ይፍታህ አትበሉኝ፤ ገና አልደረስኩበትም። አያ ታከለ ግን የሰጠኋቸውን ውሸት ተሸክመው ነው የሄዱት። እሳቸውን ፍቱልኝ።