የሦስት ወታደሮች ስም ጥሪ

መካነ ሰላም ክሊኒክ ድሬሰር ሆኜ የገባሁ ዕለት የክሊኒኩ ኃላፊ «እስቲ እጅህን ዘርጋ» አለኝ። ዘረጋሁ። ቀጥ ብሎ ረግቷል። «የሠራዊት ድሬሰር እንዲህ ነው» ብሎ መርፌና ጉሉኮስ አስረከበኝ። ከቤት ስወጣ ሁለት መለኪያ አረቄ መጠጣቴን አላወቀም። እኔ የምንቀጠቀጠው ሳልጠጣ ነበር።

ጊዜው የስድሳ ስድስቱ ረሃብ ነው። በመካነ ሰላም ዳር የተተከለው የድንኳን መጠለያ ከየቀበሌው በፈለሰ ሰው ሞልቷል። ሲሪንጅ እቀቅላለሁ፣ ቁስል አጥባለሁ፣ ሰውነቱ ለደረቀ ሕፃን ደም ሥር ፈልጌ ጉሉኮስ እሰካለሁ። ኦጋዴን የጥይት ቁስል ያከምሁ ሰው ነኝ፤ እንደዚያ የቀጠነ ክንድ ግን አይቼ አላውቅም።

የመጠለያው ዘበኛ ሃምሳ አለቃ ይማም አረቄውን አሸተቱብኝ። እሳቸውም ከሠራዊት የወጡ፣ በአረቄ ትዳራቸውን የበተኑ ሰው ናቸው።

«አስር አለቃ፣ ከነገ ጀምሮ ስም ጥሪ አለ» አሉኝ።

ሦስተኛችን ገንፎ የሚያበስለው ወታደር ያሲን ነበር። ጧት ጧት ከእህሉ ድንኳን ጀርባ እንሰለፋለን። ስማችን ሲጠራ «አለሁ» ብለን፣ ትናንት መጠጣት አለመጠጣታችንን እንናገራለን። ስድብ የለም፣ ምክርም የለም። መዋሸት ብቻ ክልክል ነው። መጀመሪያ የልጅ ጨዋታ መስሎኝ ስቄያለሁ።

መጠጥ ባቆምሁ በሦስተኛው ቀን አንዲት እናት ከማሻ በኩል ሕፃን ታቅፋ መጣች። እጄ እንደ ወንፊት ይንቀጠቀጣል። አንዴ ሳትሁ፤ ሁለቴም፣ ሦስቴም። ነርሷ ቀጥሎ ባለው ድንኳን ነበረች፤ መጥራት አፈርሁ። የጦር ሜዳ ድሬሰር ነኛ። በአራተኛው ደም ሥሩን ሳገኝ ልጁ ሞቷል።

«አይዞህ ወንድሜ፣ አንተ ምን ታረግ፣ ያላህ ነገር ነው» አለች እናቱ። ደግሞ መረቀችኝ። ምርቃቷ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

በቀጥታ አረቄ ቤት ሄድሁ። በማግስቱ ስም ጥሪ ላይ «ጠጥቻለሁ» አልሁ።

«ሌላስ?» አሉ ይማም።

«ነርሷን መጥራት ስችል አልጠራሁም» ብዬ አለቀስሁ።

ያሲን ማማሰያውን እንደያዘ መሬት መሬት አየ። ይማም፣ «እኔ ዘብ ላይ ሰክሬ ጓደኛዬን አስገድያለሁ» አሉ። «ይህን ከያሲን በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅ። በል አሁን ሂድና ለአለቃህ ንገር። እኛ ደጅ እንጠብቅሃለን።»

ኃላፊው አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። መርፌውን ወስዶ ለነርሷ ሰጠ፤ እኔን ሲሪንጅ መቀቀልና ቁስል ማጠብ ላይ አዋለኝ። ከሥራ ስወጣ ያሲን በአረቄ ቤቱ ሳይሆን በገበያው አዙሮ ቤቴ ያደርሰኛል። ከዚያም በኋላ ሁለት ጊዜ ጠጥቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተናግሬያለሁ።

ንጉሡ በወረዱ ሰሞን ከተማው ሲተራመስ እኛ ሦስታችን ጧት ጧት እንደተሰለፍን ነበርን። መርፌው የተመለሰልኝ ያኔ ነው። ሳልጠጣ የሰካሁት የመጀመሪያው ጉሉኮስ ለአንዲት ሴት ልጅ ነበር፤ ዳነች። ደስ አለኝ ማለት አልችልም።

ደጎሎም መካነ ሰላምም ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ለወጣት ድሬሰሮች የምለው አንድ ነገር ነው፦ እጅህ ከተንቀጠቀጠ መርፌውን ለሌላ ስጥ። ይህን ለማወቅ ልጅ መሞት አልነበረበትም።