የታኅሣሥ ጠጠር

ንግሥቴ በዘጠኝ ዓመቷ ዓይኗን ታመመች። መጀመሪያ አሸዋ የገባበት ይመስል ቆረቆራት፤ ቀጥሎ አበጠ፤ ከዚያም ብርሃን ባየች ቁጥር ይወጋት ጀመር። መንደራቸው ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነበርና ሐኪም በቅርብ አይገኝም። እናቷ ያላደረሷት ጠበል አልነበረም። በመጨረሻ ቡሬ ያገኙት አንድ ቁስል አሳሪ ቅባት ሰጥቷቸው፣ "ዓይኗን ሸፍናችሁ ቤት ውስጥ አስቀምጧት፤ ብርሃን እንዳያገኛት" አላቸው። እስከ መቼ እንደሆነ አልነገራቸውም። እነሱም ከመደንገጣቸው የተነሣ አልጠየቁም።

ወሩ ኅዳር ነበር። አጨዳ ደርሶ ስለነበር ቤተሰቡ ሁሉ ገና ሳይነጋ ማሳ ይወርዳል። ንግሥቴ ዓይኗ በጨርቅ እንደታሰረ ቁርበት ላይ ብቻዋን ትውላለች። ቀንና ሌሊቱ ተደባለቀባት። አንድ ቀን ግን እግሯን ዘርግታ እንደተቀመጠች የግራ እግሯ ጣቶች ሞቅ አሏት። እጇን ብትሰድ መዳፏም ሞቀ። በደቡቡ ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ ለጭስ መውጫ የተተወ ቀዳዳ ነበረ፤ ቀትር ሲሆን ፀሐይዋ በዚያ ትገባለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ንግሥቴ ሥራ አገኘች። በየቀኑ ያችን የሞቀች ቦታ በእጇ እየዳሰሰች ትፈልጋለች። በታኅሣሥ ቦታዋ ከግድግዳው ርቃ እስከ ወፍጮው ድንጋይ ትደርስ ነበር። በጥር ትንሽ ሸሸች። በየካቲት ይበልጥ ሸሸች። በመጋቢት ግድግዳው ሥር ገባች፤ ሚያዝያ ሲጋመስ ጭራሽ ጠፋች። ንግሥቴ ወለሉን ሁሉ ዳስሳ ስታጣት አለቀሰች።

አባቷ አቶ ይታገሱ ከማሳ ሲገቡ አገኟት።

"አባባ፣ ፀሐይዋ ጥላኝ ሄደች" አለቻቸው።

አጠገቧ ተቀመጡ። "ጥላሽስ አልሄደችም። ወደ ሰሜን ወጥታ ነው። አሁን ጣራችንን ተሻግራ በጓሮ በኩል ነው የምታልፈው።"

"መቼ ትመለሳለች?"

"ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም።"

"እኔስ ይሻለኛል?"

 አባቷ፣ "እሱን አላውቅም ልጄ። ፀሐይዋ ግን በመስከረም ትመጣለች" አሏት።

ክረምቱ ረጅም ነበር። በመስከረም፣ መስቀል ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ግድግዳው ሥር ጣቷን ሞቃት። ጮኻ አባቷን ጠራች። አባቷ በዚያው ቀን ጨርቁን ፈቱላት። ቀኝ ዓይኗ እስከ ዛሬ ጉም እንደለበሰ ነው፤ በግራ ዓይኗ ግን ወለሉ ላይ ያረፈችውን የእንቁላል አስኳል የመሰለች ብርሃን አየቻት።

ያች ልጅ ዛሬ የፍኖተ ሰላሟ ወይዘሮ ንግሥቴ ናቸው። ዛላ በርበሬ ከሳቸው የተሻለ የሚያደርቅ አለ የሚል ሰው በከተማው አላጋጠመኝም። ከቡሬና ከወንበርማ ገጠር የሚመጣው ቀይ በርበሬ በኅዳር ግቢያቸው ይደርሳል፤ ሰሌን ላይ ይሰጣል፤ ይገለበጣል። መድረቁን የሚያውቁት በማየት አይደለም። ዛላውን አንሥተው ጆሯቸው ሥር ያራግፉታል፤ ፍሬው ሲንኮሻኮሽ፣ "ይኼ አፍ ፈታ" ይላሉ። ጥላ ላይ የዋለ በርበሬ ላዩ ያማረ መስሎ ሆዱ ይሻግታል። ስለዚህ በሳቸው ግቢ ጥላ እንደ ሌባ ነው የሚታየው።

ቤታቸውን ሲሠሩ ባለቤታቸው አቶ እንዳለው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቤቱን ከግቢው ፊት አድርገው ጓሮውን ከኋላ ሊያስቀሩ ፈልገው ነበር። ወይዘሮ ንግሥቴ እንቢ ብለው ቤቱን ወደ ሰሜን አስጠግተው፣ ባዶውን ቦታ በደቡብ በኩል አስቀሩ። ጎረቤት ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን በደቡቡ የቆርቆሮ አጥር ሥር በየወሩ መባቻ፣ የቀትሩ ጥላ ከሚደርስበት ቦታ ላይ አንድ አንድ ጠጠር ቀበሩ። ከመስከረም እስከ መጋቢት ሰባት ጠጠር ሆነ። ከሁሉም ይልቅ ከአጥሩ ርቃ የተቀበረችው የታኅሣሥ ናት። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ጠጠር የለም፤ በሚያዝያ ጥላው አጥሩ ሥር ይጠፋል፤ ከዚያ አጥሩን ተሻግሮ ጎረቤት ይሄዳል።

መሪጌታ ክንፈሚካኤል፣ የደብሩ መምህርና የወይዘሮ ንግሥቴ የቆየ ወዳጅ፣ በዚህ ጠጠር ይቀልዱባቸው ነበር። በቤተ ክርስቲያን ቁጥር የታኅሣሥ ቀን ዘጠኝ ሰዓት፣ የሰኔ ቀን ደግሞ ዐሥራ አምስት ሰዓት ተብሎ ይነበባል። ወይዘሮ ንግሥቴ የባላቸውን የእጅ ሰዓት ይዘው አንድ ዓመት ሙሉ የፀሐይን መውጫና መግቢያ ቆጠሩና፣ "መሪጌታ፣ በእኛ አገር ልዩነቱ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው" አሏቸው።

መሪጌታም አሰብ አድርገው፣ "እንግዲህ ያ የመጽሐፍ ነው፤ ይኼ የግቢ ነው" አሉ። ሁለቱም ሳቁ፤ ነገሩም እዚያው አደረ።

ከጥቂት ዓመት በፊት በግንቦት ወር፣ ከደቡቡ አጥር ማዶ ያለው ንብረት የሚባል ጎረቤት መሪጌታን ሽማግሌ አድርጎ መጣ። ሕሊና የምትባል ወጣት መሐንዲስም አብራው ነበረች፤ የቡሬ ልጅ ናት።

"እማማ፣ ፎቅ ልሠራ ነው" አለ ንብረት። "ሦስት ፎቅ፤ ፔንሲዮን።"

"ይሁንልህ፤ ያስፈጽምህ።"

"መኪና ማቆሚያውን በመንገዱ በኩል አድርጌ፣ ሕንፃውን ወደ እናንተ አስጠጋለሁ። ከአጥሩ ሁለት ሜትር ብቻ ነው የምተወው። ማዘጋጃ ቤት ጎረቤትህ ይስማሙ ብለውኝ ነው የመጣሁት።"

ወይዘሮ ንግሥቴ መሬት መሬቱን አዩ። ዕድሜ ልካቸውን የለፉበት ግቢ፣ የበርበሬው ደጅ፣ ዓይናቸው ላይ ጨለመባቸው። ፊታቸው ግን አልተለወጠም።

"ጥላውስ?" አሉ።

ንብረት ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ የቆየ ይመስላል። ፈጠን ብሎ ወደ አጥሩ ወሰዳቸው። ሰዓቱ ስድስት ተኩል ነበር። የአጥሩ ጥላ ክንድ በማትሞላ ስፋት በሱ በኩል ተኝቷል።

"ይኸው፣ እዩት። ጥላው ወደ እኔ ነው። ዐሥር ፎቅ ብሠራ የሚጨልምብኝ ለኔው ነው፤ የእርስዎን በርበሬ አይነካውም።"

"ጥላውን ለራሱ የሚያስቀር ጎረቤት ከወዴት ይገኛል?" አሉ መሪጌታ።

"ፀሐይዋ አሁን እንግድነት ሄዳ ነው" አሉ ወይዘሮ ንግሥቴ። "ቤቷ ስትገባ ነው መጠየቅ።"

"ፀሐይ ደግሞ የት ቤት አላት?"

"አላት እንጂ። አንተ ፎቁን በምታቆምበት በኩል።" ወደ ሕሊና ዞሩ። "የኔ ልጅ፣ እስቲ ያን ሜትርሽን አውጪና ከአጥሩ እስከዚች ጠጠር ለኪልኝ።"

ሕሊና ተንበርክካ ለካች። "አንድ ሜትር ከሠላሳ አምስት።"

"አጥሩስ ቁመቱ?"

"ሁለት ሜትር።"

"ያች የታኅሣሥ ጠጠር ናት። በታኅሣሥ ቀትር ላይ ጥላው እዚያ ይደርሳል። የንብረት ፎቅ ስንት አጥር ይሆናል?"

"ዐሥራ ሁለት ሜትር ነው። ስድስት አጥር መሆኑ ነው" አለች ሕሊና። ከዚያ ከንፈሯ ይቆጥር ጀመር። ሜትሩን እየሳበች ከአጥሩ ማዶ የሚቀረውን ሁለት ሜትር ቀንሳ ግቢውን አቋረጠች። ከስድስቱ አጥር የስምንት ሜትር ጥላ ስድስቱን ብቻ ብትለካም ሰሌን የሚነጠፍበት ቦታ ሁሉ ከኋላዋ ቀረ።

"ይኼ በቀትር ነው" አሉ ወይዘሮ ንግሥቴ ቀስ ብለው። "ጠዋትና ማታማ ከዚያም ያልፋል።"

ንብረት ጠጠሯን በጫማው ጫፍ ነካ አደረጋት። "እማማ፣ ዶሮ አንከባልላት ቢሆንስ?"

"ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ በየታኅሣሡ አንድ ቦታ ላይ የምታንከባልል ዶሮ ካለችህ፣ እባክህ ሽጥልኝ።"

መሪጌታ ሳል የያዛቸው መስለው ፊታቸውን አዞሩ። ንብረት ግን ተከፋ። "እንግዲያው እንቢ ማለትዎ ነው።"

"መቼ እንቢ አልኩህ? አንድ ነገር ልጠይቅህ እንጂ። አልጋህ ስንት ይሆናል?"

"ሃያ አራት።"

"ያን ሁሉ አንሶላ የት ታሰጣዋለህ?"

ንብረት በእጁ አመለከተ። "እዚያ፤ ከሕንፃው ኋላ በቀረው ሁለት ሜትር። አሁን እንኳ እንዴት ያለ ፀሐይ እንዳለው አያዩም?"

ይህን ብሎ እጁ አየር ላይ እንዳለ ቀረ። ስድስት አጥር ከሚያህል ሕንፃ በስተ ሰሜን፣ ግድግዳው ሥር፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት የፀሐይ ፊት የማይታይበት ቦታ ነበር ያመለከተው።

"ለጥምቀት እንግዳው ሲሞላልህ" አሉ ወይዘሮ ንግሥቴ፣ "እርጥብ አንሶላ ላይ ልታስተኛው ነው?"

መሪጌታ ጣልቃ ገቡ። "ልጅ ንብረት፣ እኔም እንግዳ ሲበዛብኝ ወዳንተ ለመስደድ አስቤ ነበር። እንግዲህ ብርድ ልብስ አስይዤ ነው የምልክልህ።"

ንብረት ሳይስቅ ሄደ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰላምታው ቀዘቀዘ። ወይዘሮ ንግሥቴም በነዚያ ቀናት እንቅልፍ አልነበራቸውም፤ ሰውየው ፊቱን አጥቁሮ በሌላ መንገድ ቢመጣ ምን ያደርጉ ነበር? ሰኔ ሲገባ ግን ከሕሊና ጋር አዲስ ወረቀት ይዞ መጣ። ሕንፃው ወደ መንገዱ ተገፍቶ፣ መኪና ማቆሚያውና የልብስ ማስጫው ገመድ ወደ አጥሩ ዞሯል። ወይዘሮ ንግሥቴ መነጽራቸውን አድርገው ሜትሩን ሁሉ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ከዚያ ስማቸውን በትልልቅ ፊደል ጻፉ።

ፎቁ በሁለተኛው ዓመት አለቀ። ታኅሣሥ ሲገባ ንብረት በስድስት ሰዓት ተኩል ራሱ ወረደና የፎቁ ጥላ የሚደርስበትን አየ። ጥላው መኪናዎቹን አልብሶ፣ ገመዱ ጋ ሳይደርስ ቆሟል። ንብረት ጎንበስ ብሎ በጥላው ጫፍ ላይ ድንጋይ አስቀመጠ።

"እማማ፣ እኔም ጠጠር አለኝ" አለ በአጥሩ ላይ።

"ዶሮህን እሰራት" አሉት።

በዚያን ቀን ሕሊናም ሥራዋን ልታይ መጥታ ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ነጭ አንሶላ፣ ከአጥሩ ወዲህ ቀይ በርበሬ ፀሐይ ይሞቃሉ። በርበሬውን እያገላበጠች፣ በዚህ ሁሉ ዕድሜያቸው ከሁሉ የሚበልጥባቸው ምን እንደሆነ ወይዘሮ ንግሥቴን ጠየቀቻቸው። የልጅነታቸውን ሕመም ሰምታ ስለነበር ዓይናቸው መዳኑ ይሆናል ብላ ገምታለች።

ወይዘሮ ንግሥቴ አንድ ዛላ አንሥተው ጆሯቸው ሥር አራገፉ፤ አዳመጡ፤ መልሰው አስቀመጡት።

"ዓይኔ መዳኑማ የእግዚአብሔር ሥራ ነው፤ እኔ ምን አድርጌበት? ለኔ የሚበልጥብኝ የአባቴ ነገር ነው። ትድኛለሽ ቢለኝ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አያውቅም ነበርና አላለኝም። የሚያውቀውን ብቻ ነገረኝ፦ በመስከረም ትመጣለች አለኝ። መጣች። እኔም ከዚያ ወዲህ ለሰው የምነግረው ያየሁትንና የለካሁትን ብቻ ነው። ንብረት የሰማኝ ለዚያ ይመስለኛል።"