የሰው ድስት ከፍቶ ማየት

እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሲጨስ ከሸተተኝ፣ የትም ልሁን የት፣ ሦስተኛ ክፍል ነኝ። ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል፣ አሰላ ባለው ቤታችን የድሮ ማድቤት ደጃፍ ቁጢጥ ብዬ ቅጠሉን ወደ ጉልቻው የምገፋ ይመስለኛል። ሌላው ሰው የልጅነቱ ሽታ ትዝ ሲለው ምራቁን ይውጣል። የእኔ ጢስ ነው፤ ያውም ምንም ያልበሰለበት ጢስ።

ያን ዓመት ስንዴውን ዋግ መታው። ከሳጉሬ እስከ ጭላሎ ግርጌ ሊታጨድ የደረሰው ማሳ ሁሉ የዛገ ቆርቆሮ መሰለ፤ በመሃሉ ያለፈ ሰው ሱሪው ቀይ አቧራ ለብሶ ይወጣ ነበር። ከተሜው መጀመሪያ ላይ መከራው የገበሬው ብቻ መስሎት ከንፈሩን መጥጦ አለፈ። ወዲያው ግን የሚጫን እህል ጠፋ፤ እህል ሲጠፋ ወዛደሩ ሥራ ፈታ፤ ወዛደሩ ሥራ ሲፈታ ሻይ ቤቱም፣ ልብስ ሰፊውም፣ ሱቁም ጭር አሉ። አባቴ ከሳጉሬ አሰላ እህል የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ባለመኪናው መኪናውን ሸጠውና አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዱካ ላይ መዋል ጀመረ። ሬዲዮኑን እንኳ አይከፍትም ነበር።

እናቴ ከመንዝ የመጣች ሴት ናት። ለእሷ ከረሃብ የሚብሰው «ተራቡ» መባል ነበር። ገበናችን ከአጥር እንዳይወጣ ስትል ምሳና እራት ሰዓት ሲደርስ እሳት ታነድዳለች፣ ድስቱን ውሃ ሞልታ ትጥደዋለች፣ ትከድነዋለች። ጢሱ በርከት እንዲል እኔ እርጥብ ቅጠል እለቅማለሁ። እኛ ልጆች ከአጥሩ ሥር በቆርቆሮ ክዳን ጭቃ እያቦካን እቃ እቃ እንጫወት ስለነበር፣ እማዬም የእኛኑ ጨዋታ የምትጫወት ይመስለኝና ደስ ይለኝ ነበር። የምንበላው በቀን አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ጎመን፣ ሲገኝ የገብስ ቂንጬ። ትምህርት ቤት ግን ማታ ምን በላችሁ የተባልኩ እንደሆነ ድንች ወጥ እላለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ሃሊማ ደግሞ እኛ ሩዝ በላን ትለኛለች። እንዲህ እያለችኝ ሆዷ ሲጮኽ ሁለታችንም በሳቅ እንሞታለን።

ታናሽ እህቴ ምሕረት ያን ጊዜ ገና መዳህ መጀመሯ ነበር። እማዬ ሳትበላ ወተት ከየት ይመጣል? ጡቷ ደረቀ። የገብስ ውሃ ብታጠጣት ልጅቷ መክሳት እንጂ መጥገብ አላወቀችም። የሃሊማ እናት የአደ ከድጃ ላም ያን ሰሞን ወልዳ ስለነበር፣ ጥጃዋ ስትጮኽ በአጥሩ በኩል ይሰማናል። ጥጃዋ በጮኸች ቁጥር እማዬ ምሕረትን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው ታዛውራታለች።

አንድ ጠዋት ጣሳ ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋ፣ እኔን በእጇ ይዛ ወደ አደ ከድጃ ቤት ሄደች። ስንሄድ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ የምትለውን ነገር ታጠናለች። አደ ከድጃ ገና በራፍ ላይ ሲያዩን ሰላምታውን በኦሮምኛም በአማርኛም አዥጎደጎዱት፤ ልጆቹ ሰላም ናቸው ወይ፣ ሰውየው ሰላም ነው ወይ፣ ቤቱ ሰላም ነው ወይ። እማዬ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን አለች። ከዚያ ጣሳውን ከነጠላዋ ሥር አወጣች። ጨው አልቆብኝ ነበር አለች። ጨው መበደር አያሳፍርማ! ጨው የሚበደር ሰው ወጥ ጥዷል ማለት ነው። ለወተት የወሰድነው ጣሳ ጨው ይዞ ተመለሰ።

ብዙም ሳይቆይ ምሕረትን ተቅማጥ ያዛት። ጤና ጣቢያ ተወሰደች፣ መድኃኒት ተሰጣት፣ ግን ሰውነቷ ውስጥ መድኃኒቱን የሚያግዝ ነገር አልነበረም። እሑድ ረፋዱ ላይ፣ ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ፣ እናቴ ጀርባ ላይ እንደታዘለች አረፈች። እማዬ አላወቀችም። እሹሩሩ እያለች ግቢው ውስጥ ትመላለስ ነበር። ያወቀው አባቴ ነው፤ አቅፎ አስቆማት።

ሕፃን ሲሞት ለቅሶው አጭር ነው። ቢሆንም ጎረቤት ለቅሶ ቤት ባዶ እጁን አይመጣም። አንዷ እፍኝ ቆሎ፣ አንዷ የተቀቀለ ድንች፣ ሁሉም ማነሱ እንዳይታይ በጨርቅ ከድነው አመጡ። አደ ከድጃ ወተት በጮጮ ይዘው ገቡና ለእማዬ ቀድተው ሰጧት። እማዬ ጽዋውን ይዛ ብዙ አየችው።

«አደ ከድጃ፣ ያን ቀን ይሄን ልለምንዎት ነበር የመጣሁት» አለች።

አደ ከድጃ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ጭናቸውን በሁለት እጃቸው መቱ። «ያ ረቢ! ጨው ነው ያልሽኝ! እኔ ጢስሽን እያየሁ፣ እነሱስ በልተው ያድራሉ እያልኩ ወተቴን ለሻይ ቤት እሸጣለሁ! ጨው ነው ያልሽኝ እኮ!»

ከዚያ ብድግ ብለው ማድቤታችን ገቡ። ለቀስተኛው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያያል። የድስቱን ክዳን ሲያነሡ ያደረ ውሃ ነው። ክዳኑን ወረወሩትና ማንንም ሳያስፈቅዱ ወደሚቀጥለው ቤት ገሰገሱ። ሴቶቹ፣ ኧረ ነውር ነው፣ ኧረ ይመለሱ እያሉ ነጠላቸውን እየጎተቱ ከኋላቸው ሮጡ። እዚያም ውሃ ነው። ከዚያ ወዲያም ውሃ፤ አንዱ ቤት ብቻ ሦስት አራት የጎመን ቅጠል ተንሳፍፎበታል። በመጨረሻ የራሳቸውን ማድቤት ከፍተው ኑ እዩ አሉ፤ ሃሊማ ሩዝ ያለችው ያለ ዘይት የተቀቀለ ጎመን ነበር። ለካ የሰፈሩ ሴት ሁሉ አንዷ አንዷ እንዳታውቅባት ስትል ውሃ ስታፈላ ከርማለች። ወይ ጉድ!

ሽማግሌዎቹ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም አሉ። ድሮም ይሉት ነበር፤ የሰማ ግን አልነበረም። ከዚያ ቀን በኋላ በሰፈራችን ይህ ብልግና ሕግ ሆነ። ያለፈች ሴት ሁሉ የማንንም ማድቤት ትገባለች፣ ክዳን ታነሣለች፣ አይታ ትወጣለች። ደህና ናችሁ ወይ ብሎ መጠየቅ ቀረ። ወተቱ ሻይ ቤት መሄዱ ቀርቶ በቅድሚያ መራመድ ላልጀመሩት ሆነ፤ ከዓመታት በኋላ የተወለደው ወንድሜ ያደገው በዚሁ ደንብ ነው። አባቴ ከዱካው ተነሥቶ በእኛና በአደ ከድጃ ግቢ መካከል ያለውን አጥር በእጁ ነቀለው። ሌሎቹም ነቀሉ። ጓሮው አንድ ሆኖ ድንችና ጥቅል ጎመን ተተከለበት። አባቴ ዶማ ይዞ ስለማያውቅ መዳፉ ውሃ ቋጠረ፤ የአደ ከድጃ ባል፣ «ቀስ በል፣ የመኪና መሪ አይደለም!» እያሉ ይስቁበት ነበር። ስንዴው ሲመለስ መኪና ቢሰጠውም አልተቀበለም፤ አትክልተኛ ሆኖ አረጀ። እማዬ ደግሞ ከሁሉ የባሰች ክዳን አንሺ ሆነች። የተጣላቻት ሴት ቤት ሳይቀር ትገባለች። ስትሰደብ አትመልስም፤ አይታ ትወጣለች። ምሕረትን ግን ራሷ እስክትሞት ድረስ በስሟ ጠርታ አታውቅም።

በቀደም ለእኛ ለመምህራን በተሰጠ ሥልጠና ላይ አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ጎልማሳ፣ የኑሮ ውድነቱ ራሳችንን የምናድስበት መልካም አጋጣሚ ነው አለን። ደሜ ፈላ። ዋሸ አልልም። አባቴ ታድሷል፣ ሰፈሬም ታድሷል፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ለመተያየት ልጅ መቅበር ነበረብን ወይ? እጄን አውጥቼ ልጠይቀው ሳስብ ሻይ ዕረፍት ተባለ።

ዛሬም የምኖረው እዚያው ነው፤ ያ ጓሮ ግን ተከፋፍሎ የብሎኬት ግንብ ገብቶበታል። ስንዴው ደህና በሆነ ጊዜ፣ ገንዘብ በተገኘ ጊዜ፣ መጀመሪያ የተሠራው ግንብ ነው። ምድጃውም የኤሌክትሪክ ሆኗል፤ እማዬ እንኳ ብትኖር የምታጨሰው የላትም። ደመወዛችን ወሩን አያጋምስም፤ ልጆቻችንን አሳምረን አልብሰን፣ በብረት በር ቀዳዳ ደህና ነን፣ ደህና ነን እንባባላለን። እናቶቻችን ተርበውም ቢሆን አንድ አጥር ነበር የሚለያያቸው። እኛ ብንሞት እንኳ አንዳችን የአንዳችንን ቶሎ የምንሰማ አይመስለኝም።

ከግንቡ ማዶ የተከራየችው ወጣት ነርስ ከሩቅ አገር ተመድባ የመጣች ናት፤ ባሏ ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ከቀረ ቆይቷል። ትንሹ ልጇ ከልጆች ጋር መጫወት ተወ፤ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ያያቸዋል። ባለፈው ቅዳሜ በሯን አንኳኳሁ። ደህና ነን፣ ተመስገን አለችኝ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ። ገፋ አድርጌ ገባሁና ድስቷን ከፈትኩት። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በሥርዓት ተከድኗል።

«መምህርት፣ ምን ዓይነት ሰው ነዎት? ይሉኝታ የለዎትም?» አለችኝ። የለኝም አልኳት። ልጁን አንሥቼ አዘልኩት። ሲታዘል ምንም አልከበደኝም፤ ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። ወደ ቤቴ ይዤው ስሮጥ እሷ እየጮኸች፣ እያለቀሰች ተከተለችኝ። የብረቱ በር ሁሉ እየተከፈተ ሰው ብቅ ብቅ አለ። ኧረ ሰው ሰማን አለችኝ። ይስማ።