የአሥር አለቃ ዳልኬ እግር

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ የሆኑት ሻለቃ እርጥብ ጨርቅ ሰጥተው መደርደሪያ አስወለወሉኝ። ቦታው የክፍለ ጦሩ የሰው ኃይል መዝገብ ቤት ነው። ታይፕ ተምሬ፣ ዩኒፎርሜን ተኩሼ፣ ጸጉሬን በስንት መከራ ከቆቡ ሥር ከትቼ ሄጄ፣ ጨርቅ! እንባዬ ሊመጣ ደረሰ። ሻለቃው አዩኝና፣ «ማህደር ሲወጣ ጫፉን ይዘሽ አትጎትቺ፣ ይቀደዳል። ጎንና ጎኑን ገፋ አድርጊና ወገቡን ያዢ» አሉኝ። ቀጥለውም ወደ መደርደሪያው እያሳዩ፣ «እዚህ ያልገባ ነገር አልተደረገም። ሰውዬው ተራራ ቢንድም አልተደረገም። ይሄን ካወቅሽ ሥራውን አወቅሽ» አሉ።

እኔም አወቅሁ ብዬ ኖርኩ። ከተራ ወታደርነት እስከ ሃምሳ አለቃነት ማህደር ሳገላብጥ አረጀሁ። ጡረታ ስወጣ ወደ ተወለድኩበት ሶዶ ተመለስኩ። አያቴ ከሸዋ በሹመት መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ እኔ ሌላ አገር የለኝም። ቤት ቁጭ ማለቱ አላስችል ሲለኝ፣ የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ የሚያይ አንድ ትንሽ ቢሮ በኮንትራት ቀጠረኝ።

ሥራው ይሄ ነው። ባለጉዳዩ የስንብት ወረቀቱን ይዞ ይመጣል። በማህደሩ የጎደለውን፣ ማዕረግም ይሁን ቁስል ወይም የአገልግሎት ዘመን፣ ከነማስረጃው አደራጅቼ አዲስ አበባ ላለው ክፍል እልካለሁ። ከሁሉም አስቸጋሪው የጀብዱ ሜዳይ ነው። ማዕረግ ማንም ሰው ያየዋል። ጀብዱ ግን አብሮህ የነበረ ሰው ካልመሰከረ የለም፤ አብሮህ የነበረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እዚያው ቀርቷል።

አሥር አለቃ ዳልኬ የመጣው በዝናብ ነው። ረጅም፣ ከሲታ ሰው፤ ግራ እግሩ አይታጠፍም። በከዘራው በሩን ገፍቶ ገባና ሳይቀመጥ፣ «ጽጌ የምትባል አንተ ነህ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ። ግን ሴት ነኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ። ተቀመጥ እንግዲህ፣ ጻፍ።»

ቁጭ ያልኩት እኔ፣ ተቀመጥ ባዩ እሱ! ሳቄ መጣ። አማርኛ የተማረው ወታደር ቤት ነው፤ እዚያ ለሁሉም የሚባለው «አንተ» ስለሆነ እስከ መጨረሻው እኔንም አንተ እንዳለኝ ነው። ደስ ሲለው ብቻ በወላይትኛ «ታ ሚቼ»፣ እህቴ፣ ይለኝ ነበር።

ጉዳዩን እንዲህ አስረዳኝ። በድንበሩ ጦርነት የእሱ ጓድ ከአንድ ጉብታ ላይ እንዲያፈገፍግ ታዘዘ። መትረየሰኛው ወድቋል። ዳልኬ መትረየሱን ያዘና ሌሎቹ እስኪወርዱ ተኮሰ። ከዚያ ደረቱን የተመታውን የጓድ መሪውን እየጎተተ ሲወርድ ጉልበቱን ተመታ። ለሜዳይ ታጭተሃል ብለው ሆስፒታል ድረስ መጥተው ነገሩት። ከዚያ በኋላ ግን ወሬው ጠፋ።

ለምን እንደ ጠፋ ለማወቅ ብዙ አልደከምኩም፤ ይሄን ስህተት ዕድሜዬን ሙሉ ሳየው ኖሬያለሁ። ቁስለኛ ሆስፒታል ሲገባ ከጦሩ የሰው ቁጥር ይነሳና በሆስፒታሉ ቁጥር ይያዛል። የተሸላሚዎች ዝርዝር የሚዘጋጀው ደግሞ ከጦሩ ቁጥር ነው። ዳልኬ ያን ጊዜ በጦሩ የለም። ሆስፒታሉ በበኩሉ ሰው ያክማል እንጂ ሜዳይ አያውቅም። እንዲህ ሆኖ መሐል ላይ ቀረ።

«ይሄን ሁሉ ዘመን የት ነበርክ?» አልኩት።

«ጉኑኖ አካባቢ ነው ቤቴ። እዚያ ስሜን ታውቃለህ? እግሩን የመታው ይሉኛል። ጦርነት ፈርቶ እግሩን ራሱ መታ ይላሉ። ልጄን ሲያጩ እንኳ የወንዱ አባት ይሄን አንስቶ ጋብቻው ፈረሰ። አሁን ጉበቴ ታሟል። ዱቦ ሆስፒታል ተኝቼ ነው የመጣሁ፤ ሐኪሙ አልደበቀኝም። እኛ ጋ የተዋጋ ሰው ሲሞት ለቅሶ ሜዳ ላይ ጦር ይዘው እየሮጡ የሠራውን ይጠሩለታል። እኔ ስሞት ምን ብለው ይጠራሉ?»

ታይፑ ላይ ወረቀት አስገባሁና መጻፍ ጀመርኩ።

የሚያስፈልገን በመሐላ የተረጋገጠ የቅርብ አለቃ ምስክርነት ነው። የመቶ መሪው ሞቷል። የጓድ መሪው ግን፣ ዳልኬ እየጎተተ ያወረደው ማርቆስ የሚባለው ሰው፣ አለ። ያውም ሩቅ አይደለም፤ ቤሌ ነው። ተነስተን አብረን በአውቶቡስ ሄድን። ዳልኬ እግሩን ወደ መተላለፊያው ዘርግቶ፣ የሚያልፈውን ሁሉ ይቅርታ ሲጠይቅ ደረስን።

አቶ ማርቆስ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኗል። ዳልኬን ሲያይ አቅፎት አለቀሰ። ሚስቱ ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅላ በዳታ፣ በአገሩ የበርበሬ ማባያ፣ አቀረበችልን። እኔማ ጉዳዩ አለቀ ብዬ ብዕሬን አወጣሁ።

«አልምልም» አለ ማርቆስ።

«ምን?»

«እህቴ፣ የእሱን ነገር አልክድም። ሕይወቴ በእሱ ነው። ግን መጽሐፉ አትማሉ ይላል። ደግሞ ከሠራዊት ስመለስ በጉባኤ ፊት ቆሜ ቃል ገብቻለሁ። ስለ መግደል አላወራም፣ አልመካም ብዬ።»

«ማን ተመካ አለህ? ያየኸውን ተናገር ነው የተባልከው!»

«ያለ መሐላ ልጻፍልሽ።»

ዳልኬ አንገቱን አቀረቀረ። ከዘራውን ይዞ ወደ ግቢው ወጣ። ያኔ ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ።

«ጉኑኖ ውስጥ ይሄን ሰው ምን ብለው እንደሚጠሩት ታውቃለህ?» አልኩት።

አያውቅም። ነገርኩት። ማርቆስ የያዘውን ቦዬ ሳህኑ ላይ መልሶ አስቀመጠ። «ማነው እንዲህ ያለው?»

«ወሬ ነዋ! ማን እንደ ጀመረው ማን ያውቃል?»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ቆየና ቀስ እያለ አወራኝ። ከሆስፒታል ሲወጣ ከዳልኬ ቀድሞ ወደ አገሩ ገባ። ያን ሰሞን ነው ጌታን የተቀበለው። የዳልኬ ወንድም ከጉኑኖ ድረስ መጥቶ፣ «ወንድሜ እንዴት ተመታ?» ብሎ ጠየቀው። ሌሎች ሰዎችም ነበሩ። እሱም፣ «ያን ነገር አታንሳብኝ» አለና ዝም አለ።

እዚህ አገር የኖረ ሰው ይሄን ለመረዳት አይቸገርም። የወላይታ ሰው ስለ ሌላ ሰው ተጠይቆ አታንሳብኝ ካለ፣ ነውር እየሸፈነ ነው ማለት ነው። ጨዋ ሰው ነውር በአደባባይ አያወጣም። የሰሙት ሰዎች ማርቆስ ወዳጁን እየሸፈነለት መሰላቸው። የቀረውን ራሳቸው ሞሉት። እሱ ለነፍሱ ብሎ ዝም አለ፤ በዚያች ዝምታ የሰውዬው ስም ተቀበረ።

«እኔ ነኝ» አለ ማርቆስ። «እኔ ነኝ ያደረግሁት።»

ልቤ አላዘነለትም፤ እውነቱን ልናገር። «እንግዲያው ማል» አልኩት። ጉባኤውን ልጠይቅ አለ። ያለ መሐላ የሚለውን ግን እዚያው በእጁ ጻፈልኝና ፈረመ።

ወረቀቱን አዲስ አበባ ላክሁት፤ ተመለሰ። ስልክ ደወልኩ። አንድ ወጣት ሻምበል አነሳ።

«እናቴ፣ ቃለ መሐላ የለውም።»

«እናቴ አትበለኝ፣ ሃምሳ አለቃ ነኝ። ሰውዬው በሃይማኖቱ አይምልም። በእውነት አረጋግጣለሁ ብሎ ፈርሟል፤ ምን ይጎድለዋል?»

«ሃምሳ አለቃ፣ ቅጹ እምላለሁ ይላል። እኔ ቅጽ አልቀይርም። እርስዎ መዝገብ ቤት ሠርተው የለ? ያውቁታል።»

አውቀዋለሁ። እኔ ራሴ በእሱ ወንበር ብቀመጥ የምለው ይሄንኑ ነበር፤ እሱ ነው ያናደደኝ። ባለጉዳዩ ታማሚ ነው፣ አይቆይም አልኩት። ሻምበሉ ክፉ አልነበረም። «መሐላው በገባ ሳምንት አስፈርመዋለሁ፣ ቃሌ ነው» አለኝ።

ወደ ቤሌ በየጊዜው ደወልኩ። ጉባኤው አልተሰበሰበም። ተሰበሰበ፣ ጸሎት ይያዝበት ተባለ። ጸሎት ተያዘ፣ አንዱ ሽማግሌ መንገድ ሄደ። ዳልኬ በበኩሉ በየገበያው ቀን ቢሮዬ ይመጣል። ሆዱ አብጧል፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። በሩ ላይ ቆሞ፣ «መጣልህ?» ይለኛል። «ገና ነው» እለዋለሁ። «እሺ ታ ሚቼ» ብሎ ይመለሳል። አንድ ጊዜ እንኳ ማርቆስን አልረገመም። እኔ ነበርኩ የምረግመው። በኋላ መምጣቱን ተወ፤ ልጁ አልማዝ በስልክ ትጠይቀኝ ጀመር።

በመጨረሻ ማርቆስ ራሱ ደወለ። «ጉባኤው እንቢ ብሏል። እኔ ግን እምላለሁ። ሰኞ ቢሮሽ እመጣለሁ» አለኝ። ወዲያው አልማዝ ጋ ደውዬ ስልኩን ለአባትሽ ስጪልኝ አልኳት። ትንፋሹ ብቻ ይሰማል። «ሰኞ ይምላል፣ ሰማህ?» አልኩት። «አንተ ጎበዝ ነህ» አለኝ። ከእሱ የሰማሁት የመጨረሻው ቃል ይሄ ነው።

ቅዳሜ ሞተ። የማርቆስ ስልክ አልሠራ ስላለኝ ሳልነግረው፣ ሰኞ ቢሮዬን ዘግቼ ለቅሶ ሄድኩ።

ሰው ብዙ ነው። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ይዞራሉ። ወንዶቹ ግን በዳር በዳር ቆመዋል፤ ጦር የያዘ፣ የሚሮጥ አንድም ሰው የለም። አጠገቤ የቆመው ሽማግሌ መሬት መሬት ያያል። ምን ብለው ይጠሩለት? ደግ ጎረቤት ነበር ይበሉ? በጣም ዘገነነኝ።

ማርቆስ ሶዶ ቢሮ ሄዶ ዝግ ሲሆንበት፣ ጉኑኖ መሄዴን ብቻ ሰምቶ በሚኒባስ መጣ። ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ። ለቅሶ መሆኑን ያወቀው እዚያው ሲደርስ ነው። ሜዳው መሐል ገብቶ ቆመ። ሴቶቹ ዝም አሉ። በወላይትኛ ነው የተናገረው፤ እኔም እሰማለሁ።

«እኔ የእሱ ጓድ መሪ ነበርኩ። እግሩን ራሱ አልመታም። እኔን ሲጎትት ነው የተመታው። እሱ ባይኖር ልጆቼ አይወለዱም ነበር። ይሄን በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ።»

ያን ጊዜ አልማዝ ከሴቶቹ መሐል ወጥታ ፊቱ ቆመች። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። «አባባ እስከ ትላንት በስቲያ እዚህ ነበር» አለችው። «አንተስ የት ነበርክ?»

የማርቆስ መጽሐፍ ቅዱስ ከብብቱ ወደቀ፤ ለማንሳት አላጎነበሰም። ቆይተው ሁለት ሽማግሌዎች ጦር አስመጥተው ሮጡ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው። የዳልኬን ስም እየጠሩ፣ መትረየሱን እየጠሩ ሜዳውን ዞሩት። የስሙ ባለቤት ግን ሊሰማው አይችልም። እኔ እዚያ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

በማግሥቱ ማርቆስ ቢሮ መጥቶ በቅጹ ላይ ማለ፣ ፈረመ። ጉባኤው ከሽምግልናው አገደው። «ተገቢ ነው» አለኝ፤ ስለ መሐላው ይሁን ስለ ሌላው አልጠየቅሁትም። ሻምበሉ እንደ ቃሉ አደረገ። በሳምንቱ «የጦር ሜዳ ጀብዱ ሜዳይ ተሰጥቶታል» የሚል እርማት ከነማኅተሙ በማህደሩ ገባ።

ግልባጩን ለአልማዝ ይዤላት ሄድኩ። አንብባ አጠፈችውና፣ ነይ ተከተይኝ ብላ ወደ እህል ወፍጮው ወሰደችኝ። ባለወፍጮው፣ ጋብቻዋን ያፈረሰው ያ የወንዱ አባት ነው። «ለእሱ አንብቢለት» አለችኝ። ሰውዬው ሞተሩን አጠፋ። አነበብኩለት። ዱቄቱን ከፊቱ በእጁ ጠረገና፣ «እኛ ምን እናውቃለን? ማርቆስ ዝም አለ። አንድ ቃል ብሎን ቢሆን እናምነው ነበር» አለ።

እውነቱን ነው። ሰው አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈልገው፤ ቅጹን የፈለግነው እኛ ነን።

ከዚያ ወዲህ በሥራዬ አንድ ነገር ለውጫለሁ፤ ይሄን ሥራ ለምትረከቡኝም የምለው ይሄንኑ ነው። ምስክር ስታገኙ መጀመሪያ ወደ ቢሮ አታምጡት። ባለጉዳዩ በሕይወት እያለ ወደ ሰፈሩ ውሰዱትና ጎረቤት በተሰበሰበበት አናግሩት። ወረቀቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።